ዘር በሁለት ጎታ

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ድምፅ አላሰማ ስላለኝ ይዤው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ጥገና ቤት ጎራ አልኩ። ጠጋኙ ጎልማሳ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎኑ የተከፈተ አሮጌ ኮምፒውተር ዘርግቶ ነበር። እኔ ወረፋዬን ስጠብቅ ሶኬቱን ሰካው። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ እንደ ንብ ጮኸችና ከሆዱ አንድ ሽታ ወጣ፤ የሞቀ አቧራ ሽታ። አጠገቤ የተቀመጠው ደንበኛ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ጠጋ አልኩ።

«እናቴ፣ ራቅ ይበሉ፤ ያስልዎታል» አለኝ ጠጋኙ።

«ተወኝ ልጄ፣ የቤቴ ሽታ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ይህች ባለ ነጠላ ሴትዮ የኮምፒውተር ሽታ የቤቷ የሆነው መቼ ነው ብሎ ሳይገረም አልቀረም። እኔም ብሆን ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ስልኬን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ስመለስ ያ ሽታ አብሮኝ መጣ፤ መንገዱን ሁሉ የሄድኩት በዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሳይሆን በድሮዋ ውስጥ ነበር።

ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ ከይጁቤ ማዶ ካለው ከአባቴ አገር ነው። ባሌ አያሌው ያን ጊዜ የአውቶቡስ ረዳት ነበር፤ ሾፌር የሆነው ኋላ ነው። እኔ መሠረተ ትምህርት ተምሬ፣ ከዚያ አራተኛ ክፍል ደርሼ ያቆምኩ ነኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ መጻፍ ግን ሰው ሳያየኝ ነው የምሞክረው። የዚያን ጊዜዋ ማርቆስ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች። ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ ዳቦው ከነትኩሳቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጣል። ኮንጎ ጫማ ያደረገች ሴት እግሯን እያየች ትሄዳለች፤ ወንዱ የቦንዳ ጃኬቱን በሐሩርም አያወልቅም። ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ አንዱን ካሴት ይመላልሰዋል፤ ዘፈኑን ሳንገዛው ቃል በቃል እናውቀዋለን። ከእሱ ቀጥሎ የታይፕ ማስተማሪያ ቤት ነበረ። ከመስኮቱ የሚወጣው ጠቅታ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ልጄን ስመኝን አዝዬ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ እሰማ ነበር። ልጄ ሰው ብትሆንልኝ እዚህ ትቀመጣለች እል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሕልም አላውቅም።

የምንኖረው በኪራይ ነበር። ተከራይ የሆነ ሰው የምነግረውን ያውቀዋል። አከራያችን መብራት ስታጠፋ እንተኛለን፤ ውሃ ስትቆልፍ እንጠማለን። ግድግዳ ላይ ሥዕለ ማርያም ልሰቅል ምስማር ብጠይቅ «ግድግዳዬን አታቁስይብኝ» ብላኛለች። አንድ ቀን ለወንድሟ ልጅ ቤቱ ተፈልጓል ተባለና ፍራሻችንን ተሸክመን ወጣን። ከዚያም ከሌላው ቤት ወጣን፤ ከዚያም ከሌላው። በመጨረሻ አያሌው ሾፌር ሲሆን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ቆርቆሮ ክዳን ሠራን። የገባን ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መዶሻ አንስቶ ግድግዳዬ ላይ ማንንም ሳላስፈቅድ ምስማር መምታት ነው። አያሌው «ምን ልትሰቅይ ነው?» ሲለኝ «ገና አላሰብኩትም» አልኩት። ይህን የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ምስማር ጋር የተያያዘ ነው።

ስመኝ አንድ ልጄ ናት። እንደ ሌላው እናት ልጄን እወዳታለሁ ብል አይበቃም፤ እፈራላታለሁ። በር ቆልፌ ተመልሼ እገፋዋለሁ፤ ሻማ አጥፍቼ እንደገና እነካዋለሁ። ለእሷ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። ልጄ አስተዋይ ናት፣ አንድ ችግር ግን ነበረባት፤ ትጀምራለች፣ አትጨርስም። ሹራብ ጀምራ አንድ እጅጌ ላይ ተወችው። የልብስ ስፌት ጀመረች፤ ማሽኑ አሰለቸኝ አለች። ጎረቤታችን እታለም የሽ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው፤ ያንን የአንድ እጅጌ ሹራብ ባየች ቁጥር «ይህ አንድ እጅ ላለው ሰው ነው ወይስ ሌላውን ለልጅ ልጄ ትሠሪለታለሽ?» ትላታለች። ሰፈሩ «ጀማሪዋ» ብሎ ስም አወጣላት። ስም ደግሞ እንደ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ አይለቅም። እኔ በሆዴ ይህች ልጅ በሕይወቷ አንድ ነገር ሳትጨርስ ልታረጅ ነው እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ኋላ ኮምፒውተር አገሩን ወረሰው። የታይፕ ቤቱ ተዘግቶ በቦታው ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ፤ ስመኝም እዚያ ተቀጠረች። ሰው በደቂቃ እየከፈለ መጋረጃ በተጋረደበት ጠባብ ቦታ ይቀመጣል፤ ገጹ እስኪከፈት አንድ ሻይ ይጠጣል። እዚያው እየሠራች የራሷን ገጽ ከፈተች። ገጽ ማለት ሰው ሁሉ የትም ሆኖ የሚያነበው የግድግዳ ጽሑፍ ዓይነት ነው ብላ አስረዳችኝ። በነጻ ቦታ ከሚሰጡ ባዕዶች ዘንድ ነበር ያስቀመጠችው። ጽፋ ጽፋ አንድ ጠዋት ብትከፍተው የለም። ማን እንደዘጋው፣ ምን እንዳጠፋች የነገራት የለም። ቤት መጥታ ምሳ አልበላም አለች።

«ለማንም አቤት አይባልም?» አልኳት።

«ጻፍኩላቸው። አይመልሱም።»

«ታዲያ ያንቺ አይደል እንዴ?»

«ጽሑፉ የእኔ ነው እማዬ። ቤቱ የእነሱ ነው።»

ይህን ስትል ፍራሻችንን የተሸከምንበት መንገድ ታየኝ። አራተኛ ክፍል ብማርም ኪራይን አውቃለሁ። «እንግዲያው የራስሽን ቤት ሥሪ» አልኳት። እኔ ያልኩት እንደ ምክር አልነበረም፤ እንደ ቁጭት ነው። እሷ ግን ቀና አለች። ለካ ይቻላል! ኢንተርኔት ቤቱ አንድ አሮጌ ማሽን ሊጥል ነበርና ባለቤቱን ለምና አመጣችው። ቤታችን የስልክ መስመር ነበረን፤ በዚያው ኢንተርኔት አስገባች። ሳሎን ጥግ፣ ከቡፌው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ከእንግዲህ ገጼን የሚፈልግ ሰው የገጹን ስም ሲጠራ የሚመጣው እዚህ ነው» አለችኝ ማሽኑን መታ መታ እያደረገች።

«እዚህ? ሳሎናችን?»

«አዎ፣ እዚህ ሳሎናችን።»

ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከየትም የሚመጣ የማላውቀው እንግዳ ሳሎኔ ሊገባ ነው! በማግስቱ ወለሉን ጠርጌ፣ የወንበሩን ልብስ አጥቤ፣ ማሽኑን ደግሞ ራቁቱን መተው ነውር ስለመሰለኝ በእጄ የሠራሁትን ዳንቴል አለበስኩት። ሌሊት ብርድ ነው ብዬ በላዩ የአያሌውን አሮጌ ጋቢ ደረብኩለት። ጠዋት ቤቱ በዚያ በሞቀ አቧራ ሽታ ተሞልቶ፣ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ቆየን። ስመኝ ጋቢውን ስትገፍ ሳቋ ከእልልታ አላነሰም። «እማዬ፣ ይህ እንግዳ ተቀባይ ነው እንጂ ታማሚ አይደለም! መተንፈስ አለበት!» ዳንቴሉን ግን አላስወልቅም አልኩ። ተደራደርንና አፍንጫው በሚተነፍስበት በኩል ተከፍቶ፣ ከላይ ብቻ እንዲለብስ ተስማማን። ያ ሽታ ግን በሞቀ ቀን ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይመጣ ነበር፤ የቤታችን ሽታ ሆኖ ቀረ።

ያ ጊዜ ጽሑፍ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። እኔ ደግሞ ከሚፈሩት ቀዳሚዋ ነኝ። ስለዚህ «በቤቴ ውስጥ የሰው ስም እየጠራሽ አትጽፊም፤ ማንንም አትሰድቢም» አልኳት። «ታዲያ ምን ልጻፍ?» ስትለኝ «የተማርሽውን ጻፊ። ከተኛሽበት ተነስተሽ ማታ እስክትተኚ አንድ ነገር ሳትማሪ የምትውዪ ከሆነ መዋልሽ ለምን ነው?» አልኳት። እሷ ይህን ወሰደችው። የገጹን ስም «የዛሬዋ አንዲት ነገር» አለችው። በየማለዳው፣ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ትናንት ያወቀቻትን አንዲት ነገር ትጽፋለች። «የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁ፤ እስከ ጠዋት ይደርቃል።» «በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ልብስ አታስጡ።» «ያዘነ ሰው ቤት ስትገቡ አፋችሁ ከመናገሩ በፊት እጃችሁ ውሃ ይቅዳ።» እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። የጀመረችው በግንቦት ልደታ ዕለት ነበር። «ከልደታ እስከ ልደታ አንድም ቀን ሳላጎድል እጽፋለሁ» ብላ በገጿ ላይ አስታወቀች። እታለም የሽ ይህን ስትሰማ «ልደታ ስትደርስ አንድ እጅጌ ይኖረዋል» አለች። ሰፈሩ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ ልጄን ዓመቱን ካስጨረስሽልኝ ጃንጥላ አገባልሻለሁ» አልኩ። ለልጄ ስል ከእመቤቴ ጋር የተዋዋልኩት ይህን ነው። ስመኝ አታውቅም ነበር።

ስመኝ ማሽኑ ውስጥ ሌላም ትንሽ ነገር ሠራች፤ ለውጭ ሰው የማይታይ፣ ለቤተሰቡ ብቻ። «የልማድ ሰሌዳ» አለችው። የእያንዳንዳችን ስም አለ፣ ከስማችን ፊት ባዶ ክቦች አሉ። የሠራኸውን በማውዝ ስትነካ ክቡ አረንጓዴ ይሆናል። የእኔ የደም ግፊት ኪኒን ነበር። ኪኒኔን እረሳለሁ፤ አንዳንዴም ጤና ሲሰማኝ አልቀበለውም፤ ሐኪሙ ደጋግሞ ተቆጥቶኛል። አሁን ግን ያ ባዶ ክብ ጠዋት ጠዋት እንደ ዓይን ያፈጥብኛል። በማውዙ ስነካው አረንጓዴ ሲሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኛል። የአያሌው በእግር መሄድ ነበር፤ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል። አንድ እሑድ ከቤት ሳይወጣ የእሱ ክብ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት።

«አያሌው! ሳትራመድ ነው የነካኸው!»

«እስከ ማሽኑ ተራምጄ አይደል እንዴ የነካሁት?» አለኝ።

በዚህ ሳቅ ቤታችን ሰነበተ። ልማድ ከባድ ነገር ነው ይላሉ። ለእኛ የተሸከመልን አንድ ትንሽ ክብ ነው።

አሁን ወደ ጎታው፣ ወደ እህል ማከማቻው ነገር ልምጣ። አባቴ ገበሬ ነበር። በአገራችን የሚዘራው ዘር ከሚበላው እህል ጋር አይቀላቀልም። አባቴ ከዚያም አልፎ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎታ አያስቀምጥም። ከፊሉን በእኛ ቤት፣ ከፊሉን አሻግሮ በአጎቴ ቤት ያስቀምጣል። አጎቴም የእሱን ከፊል እኛ ዘንድ ያመጣል። «ቤት ይቃጠላል፣ ሁለት ቤት ግን በአንድ ቀን አይቃጠልም» ይል ነበር። በልጅነቴ አንድ ጊዜ እሳት የአጎቴን ቤት በላው፤ በክረምቱ ግን መሬቱ ጦም አላደረም። ይህ በሆዴ ተቀብሮ ነበር። ስመኝ በየቅዳሜው የጻፈችውን ሁሉ በፍላሽ ትገለብጥ ነበር። ያችን ፍላሽ የምታስቀምጣት የት ነው? ከማሽኑ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ!

«ልጄ፣ ዘርን ከጎታው ሥር ያስቀምጣሉ?»

«እማዬ ደግሞ! ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቄ። የማላውቀው ነገር ነው የሚያስፈራኝ።»

ሁለት ፍላሽ አስገዛኋትና በየቅዳሜው አዲስ የተገለበጠውን በመሃረብ ቋጥሬ እታለም የሽ ቤት እወስዳለሁ፤ የቆየውን አመጣለሁ። እታለም የሽ ከሣጥኗ ሥር፣ ከመግነዟ ጋር ታስቀምጠዋለች። «ከመግነዜ ጋር ያስቀመጥኩት ነገር ይጠፋል ብለሽ አትስጊ፤ እሱን የሚከፍተው ሞቴ ነው» ትለኝ ነበር። ስመኝ በመንገድ ላይ መሃረቤን ጨብጬ ስሄድ ስታየኝ «ቅዱስ ቁርባን አስመሰልሽው» ብላ ትስቅብኛለች። ይሳቅ።

ዓመቱ እንዲህ እያለ ሄደ። ስመኝ ታመመች፣ ጻፈች። ሰፈራችን መብራት ጠፋ፣ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ጽሑፏን አዘጋጅታ መብራት ሲመጣ አስገባች። ልደታ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሚያዝያ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በጮቄ በኩል ከሰል መሰለ። ነጎድጓዱ ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ሮጬ የማሽኑን ሶኬት ነቀልኩ። ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ከዚያ ቆሜ «በስመ አብ» ስል፣ ቤቱ ነጭ ሆነ። ጆሮዬ ደነቆረ። ከማሽኑ ጀርባ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ በዚያ በምወደው ሽታ ፋንታ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ለካ መብረቁ የመጣው በመብራቱ ገመድ አይደለም፤ በስልኩ ገመድ ነው። ያንን መንቀል ማንም አልነገረኝም፣ ስመኝም አላሰበችውም።

ስመኝ ከሥራ ስትመጣ ከፍታ አየችው። ብዙ አልነካካችም። «ሁሉም ተቃጥሏል» አለች፤ አላለቀሰችም። ይህ ነው ያስፈራኝ። ሹራቡን የተወች ጊዜም አላለቀሰችም ነበር።

«ፍላሹ አለ እኮ፤ እታለም የሽ ጋ» አልኳት።

«እሱ የቅዳሜው ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ያሉት ቀናት የሉም። አንድም ቀን አላጎድልም ብዬ ነበር፤ ጎደለ። በቃ እማዬ፣ ቀረ።»

ዓርብ ጠዋት ከአልጋዋ አልተነሳችም። በእጇ ወረቀትና እስክርቢቶ አስያዝኳት። «ማሽኑ ተቃጠለ እንጂ እጅሽ አልተቃጠለም። የዛሬዋን ጻፊ» አልኳት። «ለማን?» አለችኝ። ቆሜ ጠበቅኋት ብቻ። ተናዳ አንዲት መስመር ጻፈችና ወረወረችልኝ፦ «ዛሬ የተማርኩት፦ መብረቅ ሲመጣ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ገመድ ንቀሉ።» ወረቀቱን ያችው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ያን ምስማር ለምን እንደመታሁት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ አያሌው ከአዲስ አበባ ገባ። አያሌው ቃል ከእሱ በመንጠቆ የሚወጣ ሰው ነው። እራቱን በልቶ ሲያበቃ ብቻ «ዛሬ ሉማሜ ላይ ዘነቡ ተቆጣችኝ» አለ።

ዘነቡ ማለት ሉማሜ ላይ አውቶቡስ ቁርስ የሚቆምባት የሻይ ቤት ባለቤት ናት። «ምን አድርገሃት?» አልኩት።

«‹ልጅህ ምነው ዛሬ ዘጋች? ግድግዳዬ ባዶ ቀረ› አለችኝ።»

ስመኝ ከአልጋዋ ቀና አለች። «ምን ግድግዳ?»

«በየጠዋቱ ከስልኳ እያየች ያንቺን ነገር በካርቶን ላይ ጽፋ ትሰቅላለች። ተሳፋሪው ሻዩን ሲጠጣ ያነበዋል። ነግሬያችሁ አልነበር?»

«አንተ መቼ ተናግረህ ታውቃለህ!» ብዬ ጮኽኩበት። ስመኝ ግን በእግሯ ቆማ ነበር። «የዚህን ሳምንት ካርቶኖች ጥላቸዋለች?» አለችው። አያሌው አሰበ። «ምድጃ ማቀጣጠያ ነው የምታደርጋቸው። ግን ቶሎ አትጨርሳቸውም መሰለኝ።»

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ሦስታችንም ሄድን፤ አያሌው ተሳፋሪ ሆኖ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እግሩ በእያንዳንዱ ኩርባ ፍሬን ይረግጣል። መንገዱ ጭቃ፣ ማሳው የታረሰ፣ ከመኪናው ውስጥ የሰው ሁሉ ጃኬት እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እኔ በልቤ እመቤቴ፣ ምድጃዋን አታስነድጂያት እያልኩ ነበር። ሉማሜ ስንወርድ ዘነቡ ወፍራም፣ ቀይ፣ ሽርጥ የታጠቀች ሴት፣ ጀበናና ኩባያዋን ትታ ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች።

«ይህች ናት? ይህች ልጅ ናት? ትንሽ ናት እኮ! እኔ ጠና ያለች ሴት መስላኝ ነበር!»

ከሻይ ቤቱ ጥግ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ የብስኩት ካርቶን ተቆራርጦ ተከምሯል። የላይኞቹ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልጎደሉም። ሐሙሱ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበታል። «ዝናብ ስለነበር ማገዶ ረጥቦ በጋዝ ነው የሠራሁት፤ ካርቶኑን ሳልነካው» አለች ዘነቡ። ስመኝ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ያን ጊዜ አንድ ነጋዴ የሚመስል ሰው፣ ጆንያውን ከእግሩ ሥር አድርጎ፣ ከወንበሩ ሆኖ ተጣራ፦

«ዘነቡ፣ ዛሬስ ምን ትላለች? የጫማውን ነገር ሞክሬው ሠርቶልኛል!»

ዘነቡ ወደ ስመኝ ዞረች። ማርከሯንና ባዶ ካርቶን ሰጠቻት። ልጄ ቆማ ትንሽ አሰበች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጻፈች፦ «ዛሬ የተማርኩት፦ የምትናገሩትን የሚሰማ የለም ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት፣ በሚቀጥለው ከተማ ጠይቁ።» ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ ሰቀለችው። ነጋዴው ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ ፊቴን ወደ አውቶቡሱ አዙሬ በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ስመኝ ዞር ስትል ግን ዓይኗ ደርቆ ነበር፤ ፊቷ የሥራ ፊት ሆኖ። «ዛሬውኑ እንመለስ» አለች።

ስንመለስ እታለም የሽ ደጃፋችን ላይ ቆማ ነበር፤ መሃረቡን በእጇ ይዛ። ሳንጠይቃት ሣጥኗን ከፍታለች። «መግነዜን አገላብጬ ያወጣሁት ነው፤ በከንቱ እንዳይሆን» አለች ለስመኝ። ስመኝ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ሌላ የተጣለ ማሽን ተዋሰች፤ ከሁለት ጡረታ ከወጡ ማሽኖች አንድ ደህና ሠራች። ፍላሹን ሰካችው፤ ያ ሁሉ ወር ተመልሶ ሲመጣ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ እኔ ካርቶኖቹን እያነበብኩላት እሷ ጻፈች። አዎ፣ እኔ ነኝ ያነበብኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ቃል ሳልዘል፣ እታለም የሽ ጭምር እየሰማች። የዓርቡን ከምስማሩ አወረድነው። የቅዳሜውን በቃሏ ታውቀዋለች። ገጹ ተከፈተ፤ አንድም ቀን አልጎደለም። የልማድ ሰሌዳውም አብሮ መጣ። የኪኒኔን ክብ ነካሁት። አያሌው ደግሞ «ሉማሜ ድረስ ሄጃለሁ፤ የእኔንም ንኪልኝ» አለ። በመኪና ነው የሄድከው ብለን ከለከልነው።

ግንቦት ልደታ ሰፈሩ እንደ ወጉ ከቤት ወጥቶ ደጅ ላይ ንፍሮ ቀቀለ። ጠዋት ጃንጥላውን ወስጄ ነበር፤ ቀይ፣ በወርቅማ ዘርፍ የተከበበ። መሪጌታው ተቀብለውኝ «ስእለቱ ስለምንድን ነው?» አሉኝ። «ልጄ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንዲት ነገር ጻፈችልኝ» አልኳቸው። ጃንጥላውን ገለጥ አድርገው አዩና «በእኛ በዜማ ቤት ይህ ዜማ መያዝ ይባላል፤ ለዚህስ ጃንጥላ ይገባዋል» አሉ። ማታ በንፍሮው ዙሪያ እታለም የሽ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ለስመኝ አቀበለቻት። ስትፈታው ያ የአንድ እጅጌ ሹራብ ነው፤ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ሁለተኛውን እጅጌ በራሷ እጅ ሠርታበታለች። ክሩ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። «እኔ ደግሞ የሰው ነገር መጨረስ እወዳለሁ» አለች፤ ያ ከእሷ ይቅርታ ነበር። ሰፈሩ እልል አለ። «ጀማሪዋ» የሚለውን ስም ከዚያ ወዲያ የጠራ የለም።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስእለቱ ገባ፣ ዓመቱ ሞላ፤ ስመኝ ለሰው የገባችውን ቃል ጨርሳለች። ነገ ብትተኛ ማን ይወቅሳታል? ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በሩን ገፋሁት፤ የተቆለፈ ነው። እንደገና ገፋሁት። ያን ጊዜ ከሳሎን በኩል ሰማሁት፦ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስለውን ያንን ጠቅታ። ልጅ አዝዬ በታይፕ ቤቱ መስኮት ቆሜ እሰማው የነበረውን። መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። ልጄ ሹራቡን ለብሳ፣ በሁለት ቀለም እጅጌ፣ ትጽፋለች። ሳታየኝ ተመለስኩ።

ዛሬ ስመኝ የራሷ ቤት አላት፤ ምስማሯንም ራሷ መታለች። ማሽኗ ከድሮው ያነሰ፣ የማያጓራና ምንም የማይሸት ነው። እታለም የሽ ያን ሣጥን ከፍታ መግነዟን ለብሳ ከሄደች ቆየች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመኝ መጥታ አንድ ፍላሽ በእጄ ታስጨብጠኛለች፤ የቆየውን ወስዳ ትሄዳለች። እኔም በመሃረብ ቋጥሬ ከሣጥኔ ሥር አስቀምጣለሁ። ሁለተኛው ጎታ አሁን እኔ ነኝ።